ልጆችዎ ማታ ማታ ምን ይጫወታሉ?

ውድ አንባቢያችን፣ ሠራተኛ እናት ከመሥሪያ ቤቷ ወይም ከፋብሪካ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ሌላው ፈረቃዋ እንደሚጀምር ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ለነገ በምሣ ዕቃ የሚያዘው ይታሰባል። በዚህ መካከል ልጆቹ ምን ይሠራሉ? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው። ቴሌቪዥን ካለ ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ የአባት ወይም የእናት ስልክ ከተገኘም ስልኩ ላይ ተደፍተው ያመሻሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭቅጭቁ ይነሣል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ባረጀ ካርቶንና በጥቂት ቆርኪ የሚሠራ የቤተሰብ ጨዋታ ነው። መነሻውም ልጆች የሚወዱት ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ ማለትም በተለምዶ ኮሚክ የምንለው ነው። ጨዋታ ቀላል ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በአንድ ቤት ይህ ጨዋታ ምን እንዳስወራ ዝቅ ብለው ሲያነቡ፣ በዚህ ዓምድ ላይ ለምን ቦታ እንደሰጠነው ይረዱልናል።

በሰሌዳ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እርስዎም በልጅነትዎ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ገበጣ ሳይጫወቱ አልቀሩም። በመጠራና በየሓ ከተገኙት የአክሱም ዘመን ቅርሶች መካከል የገበጣ ጉድጓዶች የተቀረጹባቸው ድንጋዮችና የሸክላ ስብርባሪ እንዳሉ የሥነ ቁፋሮ ጠበብት ጽፈዋል፤ ዘመናቸውንም ከ6ኛውና ከ7ኛው መቶ ዓመት ጋር ያያይዙታል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ረጅም ጥናት አውጥተው፣ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የአጨዋወት ዓይነቶች ከመቶ በላይ አድርሰው ዘርዝረዋል። አንዱ ጎጃም የሚጫወተው፣ ሌላው ወሎ የሚጫወተው፣ ሦስተኛው እረኞች በየሜዳው የሚጫወቱት ነው።

ገበጣ ልጅን ምን ያስተምራል ቢሉ፣ ከሁሉ በፊት ሒሳብን ነው። ጠጠሩን ከአንዱ ጉድጓድ አንሥቶ በተራ በተራ እየጣለ የሚሄድ ልጅ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ እጁን ሳያነሣ በልቡ መቁጠር አለበት። ይህንንም ማንም ሳይቆጣው፣ ማንም አራት ሲደመር አምስት ሳይለው ይለማመደዋል። ሴቶች ልጆች በየደጁ በኖራ ወይም በከሰል የሚያሰምሩት ሰኞ ማክሰኞም ቢሆን ያው በአራት ማዕዘን ቤቶች የተከፋፈለ ሰሌዳ ነው፤ ልዩነቱ ቆርኪ በእጅ ከመግፋት ይልቅ ልጅቷ ራሷ በአንድ እግሯ መዝለሏ ነው። መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ደግሞ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለይበት ደንብ ነበረው። በመጀመሪያው የወረራ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አንድ ዕቃ እስኪበላ ድረስ፣ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። (ይህን ደንብ ለዛሬ ልጆች ቢነግሯቸው ወዲያው እንደሚወዱት አንጠራጠርም።)

በሥዕል ታሪክ መናገርስ ከየት መጣ? ኮሚክ የሚለው ቃል የባዕድ ቢሆንም ነገሩ የባዕድ አይደለም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረው ዘጌ ሲደርሱ፣ ከቡናው ጫካ መካከል የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ያገኛሉ። የመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። ማንበብ ለማይችለው ምእመን ታሪኩ በቤት በቤት ተከፋፍሎ፣ አንዱ ሥዕል ከሌላው እየተቀጠለ ተነግሮለታል። የበላኤ ሰብን ታሪክ የሰማ ልጅ እዚያ ግድግዳ ላይ ሲያየው ጣቱን እየጠቆመ ቀጣዩን ራሱ ይናገራል። በሃያኛው መቶ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭ ይሣል የነበረው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ ቤቶች ተከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ሥር ጽሑፍ እየተጻፈበት የሚቀርብ ነበር። አርባ አራት ቤት፣ ሥዕልና ጽሑፍ፤ ኮሚክ ከዚህ በምን ይለያል? ይህን የምናነሣው አንዳንድ አባቶች ልጃቸው ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲያነብ «ይህ የፈረንጅ ቀልድ ነው፤ ደብተርህን ያዝ» ሲሉ ስለምንሰማ ነው።

ወደ ቅርቡ ጊዜ ስንመለስ፣ የእርስዎ ትውልድ በአባባ ተስፋዬ ተረት ያደገ እንደሆነ እንገምታለን። ተስፋዬ ሣህሉ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በሕፃናት ዘንድ ስማቸው ያልጠፋው፣ በቴሌቪዥን ፊት ቆመው ከአርባ ዓመት በላይ «ልጆች» ብለው በመጥራታቸው ነው። ከእርሳቸው ቀጥሎ ለሕፃናት ብዙ የደከመችው የቀድሞዋ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት። ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለውን ድርጅት አቋቁማ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን፣ ነገር ሁሉ ማወቅ የምትፈልግ ቀጭኔ ዋና ተዋናይ የሆነችበትን የአሻንጉሊት ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ2010ም ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆናለች።

ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኋለኛው ሥራዋ ነው። «ጥበብ ገርልስ» ይባላል። በሥዕላዊ መጽሐፍና በካርቱን ፊልም የቀረበ ሲሆን፣ ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ኖሯቸው፣ በእኩዮቻቸው ላይ የሚደርሰውን በደል ሲከላከሉ ያሳያል። በደሉም ከጠፈር የመጣ ጭራቅ አይደለም። ያለዕድሜ ጋብቻ ነው፤ ግርዛት ነው፤ ወር አበባ የመጣባትን ልጅ ከትምህርት ገበታዋ የሚያስቀር ዕፍረት ነው። እንግዲህ ይህ ልጆች በሥዕል የሚያነቡት ታሪክ እናት በቃሏ ለመናገር የምትቸገርበትን ነገር ሁሉ ይዞ መጥቷል ማለት ይቻላል። በሥራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር»ም ልዩ ኃይል ያለው ኢትዮጵያዊ ወጣት ታሪክ ነው፤ እርሱ ግን ከፍ ላሉት ልጆች የሚሆን ይመስለናል።

ለምን በአማራ ክልል ይህ ታሪክ ልዩ ትርጉም እንዳለው በአጭሩ እንግለጽ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአገራችን ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ከ100 ወደ 40 የሚሆኑት ያገቡት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ክልላችን ደግሞ ልማዱ ሥር ሰዶ ከኖረባቸው አካባቢዎች አንዱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሕጉ ግልጽ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992፣ የክልሉም የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 79/1995 የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እሥራት ይደነግጋል። ይሁንና ሕግ በመጽሐፍ፣ ልጅ በቤት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከቤት መዋላቸው ሲጨመርበት፣ ለእናቶች ጭንቀቱ የቱን ያህል እንደሆነ መዘርዘር አያሻም። ትምህርት ቤት ያልሄደች ልጅ ለአጭ ቅርብ ናት።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። በመጀመሪያ አንድ ምክር አለን። ጨዋታ የሚያስተምረው በላዩ የተጻፈውን ቃል ሳይሆን ደንቡን ነው። ለምሳሌ በዓለም የታወቀው ሞኖፖሊ መነሻው ሊዚ ማጊ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1904 የባለቤትነት መብት ያወጣችበት ጨዋታ ነው። የእርሷ ዓላማ መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ሲከማች የሚያስከትለውን ጉዳት ማሳየት ነበር። ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሞኖፖሊን ሲያወጣ ግን አሸናፊው ሌሎቹን ሁሉ አደኽይቶ ብቻውን የሚቀረው ሆነ። ልጆችም የሚማሩት ይህንኑ ነው። እባብና መሰላልም ከሕንድ የመጣ ሲሆን ጥንት መሰላሉ በጎ ምግባር፣ እባቡ ክፉ ምግባር ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም ምግባሩን አያነሣውም፤ ልጁ የሚያስበው ዳይሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሦስት ልጃገረዶች መረዳዳት የሚናገር ታሪክ ይዘን፣ አንዱ ሌላውን ጥሎ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ብንሠራ ታሪኩን ገደል መክተት ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የእኛ ጨዋታ ሁሉም አብረው የሚያሸንፉበት ወይም አብረው የሚሸነፉበት ነው። ለታናሹም ልጅ ይበጃል፤ ተሸነፍኩ ብሎ ሰሌዳውን ገልብጦ የሚያለቅስበት ምክንያት አይኖረውም።

የብስኩት ወይም የዘይት ካርቶን አንዱን ገጽ ይቁረጡ። በላዩ ላይ 6 በ6 አድርገው 36 ቤቶች ያስምሩ። የመጀመሪያዋ ቤት ከሐይቁ ማዶ ያለች የገጠር ጎጆ ትሁን፤ የመጨረሻዋ 36ኛዋ ባሕር ዳር የሚገኝ ትምህርት ቤት። መካከሉን ልጆቹ ይሣሉት። ጣና ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ስለሆነ የሚሣል ነገር አይጠፋም፤ ጉማሬ፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ የደንገል ታንኳ፣ የደቅ ደሴት፣ የዘጌ ቡና። ታንኳ የተሣለበት ቤት ላይ የደረሰ አራት ቤት ወደፊት ይሻገራል። እንቦጭ የተሣለበት ቤት ላይ የወደቀ አንድ ተራ ይቆማል። እንቦጭ በጣና ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ የዓሣ አጥማጁን ጀልባ እንዴት እንደሚይዝ ያየ ልጅ ደንቡን ማስረዳት አያስፈልገውም። ወደ መጨረሻው፣ 30ኛዋ ቤት ላይ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ይሣሉ፤ እዚያ የደረሰ ተጫዋች ቆሞ ሌሎቹን መጠበቅ ይችላል፤ ወይም የራሱን ቁጥር ወደ ኋላ ለቀረው ይሰጣል።

ቆርኪዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ይቀቡና ፍቅር፣ ትዕግሥት፣ ፍትሕ ተብለው ይሰየማሉ። ተጫዋቹ ከሦስት በላይ ከሆነ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ቆርኪ ይይዛሉ፤ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። ዳይስ ከሌለ ሁለት ባቄላ ለሁለት ለሁለት ይከኩና አራቱን ክክ ይወርውሩ። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ የሆነው ስንት ነው? ያንን ያህል ይሂዱ። አንድም ካልተገኘ አምስት ነው፤ ልጆች በጣም የሚጮኹት ለዚህ ነው። ከሰሌዳው ጎን ደግሞ የፀሐይ መንገድ ይሠራል፤ በባቄላ ከሆነ 18 ነጥብ፣ በዳይስ ከሆነ 12 ነጥብ ያለው። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ በተጫወቱ ቁጥር ጀምበሯ አንድ ነጥብ ወደ ጣና ዝቅ ትላለች። ጀምበር ሳትጠልቅ ሦስቱም ትምህርት ቤት ከደረሱ ሁሉም አሸነፉ፤ አንዷ እንኳ ብትቀር ሁሉም ተሸነፉ። ነጥቦቹ እንዲህ የተቆጠሩት በአማካይ ሲታሰብ አንዲት ቆርኪ ጥቂት ተራ ተርፏት የምትደርስበት እንዲሆን ነው፤ ያለመረዳዳት ግን አንዷ ወደ ኋላ ልትቀር ትችላለች። በጣም ከከበዳችሁ ሁለት ነጥብ መጨመር ነው፤ ደንቡ የቤታችሁ ነው።

የቀረው የጥያቄ ወረቀት ነው። ከ36ቱ ቤቶች ዐሥሩን ምልክት ያድርጉባቸውና፣ ከአሮጌ ደብተር ጀርባ ተቆርጦ የሚጻፍ ሃያ ያህል ትንንሽ ካርድ ያዘጋጁ። ግማሹ እንቆቅልሽ ይሁን። እንቆቅልሹን መመለስ ያቃተው እንደ ወጉ አገር ይሰጣል። ነገር ግን ዝም ብሎ «ጎንደርን ሰጠሁ» አይበቃም፤ በጣና ዙሪያ ካሉት፣ ጎርጎራን፣ ደልጊን፣ ቁንዝላን፣ ፎገራን፣ ሐሙሲትን ወይም ሌላ ያልተጠራ አገር ሰጥቶ ስለዚያ አገር አንድ የሚያውቀውን ነገር ይናገራል። ፎገራን የሰጠ ልጅ ስለ ሩዙ፣ ወይም ስለ ላሙ ያወራል። (አባት እዚህ ላይ ቢታሰር አይገርምም፤ ልጆች ከእኛ የበለጠ አገር ያውቃሉ።) ሌላው ግማሽ «ምን ታደርጋለች?» የሚል ጥያቄ ነው። ከሥዕላዊው መጽሐፍ ተነሥተው እርስዎ ይጻፉት። ወር አበባዋ ክፍል ውስጥ መጣባት፤ ምን ታደርጋለች? ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እርሷ ብቻ ውኃ ትቀዳለች፤ ምን ታደርጋለች? ዘመዶች ባል አጭተውላታል፤ ምን ታደርጋለች? ለዚህ ጥያቄ ትክክልና ስሕተት የለም። ተጫዋቹ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይጨምሩበታል፣ ቆርኪዋ ሁለት ቤት ወደፊት ትሄዳለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የማይፈቀደው።

ይህን ጨዋታ ያየነው ባሕር ዳር ውስጥ በልብስ ስፌት ከምትተዳደር አንዲት የሦስት ልጆች እናት ቤት ነው። ስሟን እንዳንጠቅስ ጠይቃናለች። ሴት ልጇ 12 ዓመቷ ነው፤ ከእርሷ በታች የ9 እና የ6 ዓመት ወንዶች አሉ። ጨዋታውን የሠሩት ልጅቷ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን የ«ጥበብ ገርልስ» መጽሐፍ ሦስቱም እየተሻሙ ሊቀዱት ሲል ነው። በዚያ ሰሞን የባለቤቷ እናት ለሕክምና ከሐይቁ ማዶ መጥተው እነርሱ ዘንድ ሰንብተዋል። እኚህ አያት ማንበብ አያውቁም፤ ገበጣ ግን ያውቃሉ። የካርቶኑን ነገር መጀመሪያ ናቅ አድርገውት ነበር። ባቄላው ሲወረወር ግን ከመቀመጫቸው ተጠግተው፣ አምስት ሲመጣ እንደ ልጆቹ እልል ማለት ጀመሩ።

አንድ ማታ አያትና የልጅ ልጅ የያዟት የፍትሕ ቆርኪ ከምልክቱ ላይ አረፈች። ካርዱን የ9 ዓመቱ ልጅ አነበበው። «ዘመዶች ባል አጭተውላታል፤ ምን ታደርጋለች?» ልጅቷ ለፖሊስ ትናገራለች፣ ለመምህሯ ትናገራለች እያለች በፍጥነት ስትደረድር፣ አያት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣

«ምን ታደርጋለች? ታለቅሳለች እንጂ» አሉ። «እኔም ያንኑ ነበር ያደረግሁት።»

«እምዬ፣ ስንት ዓመትዎ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«ዕድሜ ማን ቆጥሮ ልጄ። ጥርሴን ጥዬ ብዙም አልቆየሁ። ከደጃችን ገበጣ ቆፍሬ፣ ጠጠሩን በየጉድጓዱ ሞልቼ፣ ከታናሽ እኅቴ ጋር ልንጫወት ስንል ነበር የጠሩኝ። ከበቅሎ ላይ ሲያወጡኝ ጠጠሬን አትንኪብኝ አልኋት። ተመልሼ የምመጣ መስሎኝ ነው።»

ምራታቸው ይህን ስትነግረን እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀምጣ ነው። «ከእማማ ጋር ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስንኖር አንድ ቀን ይህን አንሥተው አያውቁም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ማን ይጠይቃል? ሠርጉ እንዴት ነበር ይባላል እንጂ፣ ስንት ዓመትዎ ነበር አይባልም» ስትል ገልጻልናለች። ያን ዕለት ጀምበር ጠልቃ ሁሉም ተሸነፉ። የ6 ዓመቱ ልጅ ግን የአያቱን እኅት ነገር አልተወም። «ጠጠሩንስ ነካችው?» እያለ ሲጠይቅ አመሸ። አያትም አላውቅም አሉት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሁለት ቀን በኋላ ልጅቷ እናቷን ብቻዋን ጠርታ፣ ከክፍል ጓደኞቿ አንዷ ለበዓል ወደ ዘመዶቿ ሄዳ እንደቀረች፣ ከመሄዷም በፊት ስለ ጥሎሽ የሰማችውን ነግራት እንደነበር ገለጸችላት። ይህን ለሳምንታት በሆዷ ይዛ ቆይታለች። እናት መጀመሪያ የሰው ቤት ጉዳይ ነው ብላ ፈርታ ነበር። በማግሥቱ ግን ከሥራ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ለክፍል ኃላፊዋ መምህርት ነገረቻት፤ መምህርቷም ለሚመለከታቸው አስታወቀች። እኛ ይህን ስንጽፍ ጓደኛዋ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ግን ንግግሩ ገና አላለቀም፤ የልጅቷ አባትና የእናት ወገኖች እርስ በርስ ተኳርፈዋል፤ ለሽማግሌ የተቀጠረም ቀን አለ። እናቲቱም «ጠላት አበጅቼ ይሆናል» ስትል ሥጋቷን አልደበቀችንም።

ውድ እናት፣ ይህን ጨዋታ ለመሥራት ካሰቡ ጥቂት ነገር ያስታውሱ። በጨዋታ መካከል ልጅ የሚናገረውን ወዲያው ወደ ምርመራ አይለውጡት። «ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው?» ብለው የተነሡ እንደሆነ ልጁ ሁለተኛ ካርድ አያነሣም። ጆሮዎን ብቻ ይስጡ፤ ጥያቄው ነገ በሥራ መካከል፣ ሽንኩርት ስትልጥልዎ ይደርሳል። ልጅቷ ስለ ራሷ ወይም ስለ ጓደኛዋ የምር ነገር ከተናገረች ግን አያድሩበት፤ የትምህርት ቤቱ የልጃገረዶች ክበብ መምህርት፣ የቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ፣ ፖሊስም አሉ። ታጭታለች የተባለችው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ለጎረቤት በቡና ላይ ማውራት ግን ነገሩን ያበላሻል። ሠርጉን በሌሊት እንዲያደርጉት ማስጠንቀቅ ይሆናል።

ወንዶች ልጆች ጨዋታው የሴት ነው ብለው ከሸሹ፣ የቆርኪዎቹን ስም አይለውጡ፤ ይልቅስ ለወንድም የሚሆን ካርድ ይጻፉላቸው። እኅቱ ለፈተና ስታጠና ውኃውን የቀዳ ወንድም ሦስት ቤት ያስኬዳል። በአየነው ቤት ይህ ካርድ ተወዳጅ ሆኖ፣ የ9 ዓመቱ ልጅ ጄሪካኑን በእውነት ቀድቶ ካመጣ ተጨማሪ ሁለት ቤት ይሰጠኝ ብሎ ደንብ አስጨምሯል። እናቱም ፈቅዳለታለች። አባትየውም ከሥራ ሲመለስ ይጫወታል፤ ምን ታደርጋለች የሚለው ካርድ ሲደርሰው ግን ለጊዜው እንቆቅልሹን መምረጥ ይቀናዋል።

ካርቶኑ በእጅ ብዛት ይላላል። ጠርዙን በፕላስተር ይለጥፉት፤ ፊቱን በላስቲክ ቢሸፍኑት ሻይ ቢፈስበትም ይጠረጋል። ባቄላውን ግን በየሳምንቱ ይለውጡት፤ የ6 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ክኩ ሁልጊዜ አራት ሆኖ አይገኝም።